ስለ አንዲት የቤት ማዕዘን

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ብለው ተርተዋል። ይህ ተረት ስለ ገንዘብ ብቻ የተነገረ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ዓይንም የተነገረ ነው። ዓይን ዘወትር የሚያየውን ነገር እየለመደ ይሄድና በመጨረሻው ነገሩ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳለ አያየውም። ይህ ድካም በሰው ልጅ ሁሉ ላይ አለ። ይሁን እንጂ ድካሙን አስቀድመው አውቀው መድኃኒቱን በቤታቸው ውስጥ ያበጁ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም የጃፓን ሰዎች ናቸው።

ስለ ጃፓን አገር በአማርኛ ብዙ ተጽፏል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) መልእክተኛ ሆነው ወደዚያ ከሄዱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ከዓመታት በኋላም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የጃፓን ስም በተነሣ ጊዜ የእኛ ሰው ስለ ፋብሪካዋ፣ ስለ መርከቧና ስለ ትምህርት ቤቷ ይጫወታል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ትልቁ ነገሯ ሳይሆን ስለ ትንሹ፣ ማለት በእንግዳ መቀበያ ክፍሏ ስላለችው ስለ አንዲት ማዕዘን ነው። የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው አደባባዩን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም መመልከት ይገባዋልና።

ይህች ማዕዘን «ቶኮኖማ» ትባላለች። ወለሉ ታታሚ በሚባል ወፍራም የገለባ ምንጣፍ በተነጠፈ ክፍል ውስጥ አንደኛው ግድግዳ ወደ ውስጥ ገባ ይልና በዚያ ስፍራ ወለሉ ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ወርዷ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ጥልቀቷም የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። በግድግዳዋ ላይ አንድ የሚጠቀለል ሥዕል ወይም ጽሕፈት ይሰቀላል፤ ከሥሩ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የዕጣን ማጨሻ ይጨመራል። እግሩን አንሥቶ የሚገባባት ሰው የለም፤ ዕቃ የሚከምርባትም የለም። የተከበረ እንግዳ በመጣ ጊዜ ጀርባውን ለእርሷ ሰጥቶ በአጠገቧ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ይህም የሆነው ባለቤቱ «ጌጤን እዩልኝ» ያለ እንዳይመስልበት ነው ይባላል።

የማዕዘኗ ታሪክ የሚጀምረው ከጸሎት ነው። በቀድሞ ዘመን የቡድሃ መነኰሳት በግድግዳ ላይ የተቀደሰ ሥዕል ሰቅለው ከፊቱ ዝቅ ባለች ጠረጴዛ ላይ የዕጣን ማጨሻ፣ መቅረዝና የአበባ ማስቀመጫ ያኖሩ ነበር። ይህ ልማድ ከገዳም ወደ መኳንንት ቤት ገባ፤ ጠረጴዛዋም ቀስ በቀስ ከግድግዳው ጋር አብራ የምትሠራ የቤቱ አካል ሆነች። አበባ ማሰናዳትም ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ። ሮካኩዶ በሚባለው የኪዮቶ ቤተ መቅደስ ይኖር የነበረው ኢኬኖቦ ሴንኬይ የተባለ መነኵሴ አበባ ባሰናዳ ጊዜ የከተማው ሰዎች ለማየት ይሽቀዳደሙ እንደ ነበር በ1462 በተጻፈ የዕለት ማስታወሻ ይገኛል።

በዚያው ዘመን ሾጉን፣ ማለት አገሩን በጦር አለቅነት የሚገዛው፣ አሺካጋ ዮሺማሳ ነበር። በ1461 ረኃብ ኪዮቶን ሲፈጅ እርሱ ቤተ መንግሥቱን ማሳመር አላቋረጠም። በ1467 ደግሞ «ወራሹ ማን ይሁን» የሚለው ጠብ ከመኳንንቱ ቂም ጋር ተደርቦ የኦኒን ጦርነት ተነሣ፤ አሥር ዓመት ቆይቶም ከተማዪቱን አመድ አደረጋት። ዮሺማሳ ሹመቱን ለልጁ ከለቀቀ በኋላ በ1482 ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው ተራራ ሥር የዕረፍት ቤት ማሠራት ጀመረ። በዚያ ስፍራ በ1486 የተፈጸመችው አራት ታታሚ ተኩል የሆነች የንባብ ክፍሉ፣ ከነመጻፊያ ሰሌዳዋና ከነመደርደሪያዋ፣ ዛሬም ቆማ ትታያለች። ኖአሚና ሶአሚ የተባሉት የዕቃው ጠባቂዎችም የትኛው ሥዕል እንደሚበልጥና የትኛው ዕቃ በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ የሚያስረዳ መጽሐፍ አዘጋጁ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። የአበባውን መጠውለግ የሚያይ ዓይን የሕዝቡን መጠውለግ ካላየ ምን ይጠቅማል? የጌጥ ፍቅር ሰውን ከግዴታው ሲለየው ጌጡ በደል ይሆናል። ይሁን እንጂ ክፉ ገዥ የተከለው ዛፍ ሁሉ ይቈረጥ አይባልም፤ ከእርሱ በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ያንኑ ልማድ ከትዕቢት ወደ ትሕትና መልሶታልና።

ይህም ሰው በ1522 በሳካይ ከተማ ከነጋዴ ወገን የተወለደው ሴን ኖ ሪክዩ ነው። ሪክዩ የሻይ ሥርዓት መምህር ነበረ። ትልቁን አዳራሽ ትቶ ሁለት ታታሚ ብቻ በሆነች ክፍል እንግዳ ይቀበል ጀመር፤ ከቻይና በብዙ ወርቅ የሚመጣውን የአበባ ማስቀመጫ ትቶም ቀርከሃ ቈርጦ አበባ አኖረበት። ስለ እርሱ እንዲህ ተብሎ ይተረካል። በአትክልቱ ስፍራ ማለዳ የሚፈካ ሐረግ እጅግ አምሮ ነበርና የአገሩ ገዥ ሂዴዮሺ ወሬውን ሰምቶ ለማየት በጧት መጣ። በደረሰ ጊዜ ግን አበባው ሁሉ ተቈርጦ ባዶ መሬት ቆየው። ተቈጥቶ ወደ ሻይ ቤቱ ቢገባ በማዕዘኗ ውስጥ አንዲት አበባ ብቻዋን ተቀምጣ አየ። በሺህ መካከል ማንም ያላያት አበባ ብቻዋን በሆነች ጊዜ ታየች። ይኸው ሂዴዮሺ በ1591 ሪክዩን ራሱን እንዲገድል ፈረደበት፤ የሪክዩ ትምህርት ግን ከፈራጁ መንግሥት ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቶኮኖማ ይበልጡን የመኳንንትና የባለጠጋ ቤት ምልክት ነበረች። ከ1868 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን በተራው ሰው ቤት እየበዛች ሄደች። ከእርሷም ጋር ጌጡን እንደ ወራቱ መለዋወጥ የቤተ ሰብ ሁሉ ሥራ ሆነ። በአዲስ ዓመት ሁለት ክብ የሩዝ ቂጣዎች ተደራርበው፣ በላያቸውም አንድ ብርቱካን መሰል ፍሬ ተደርጎ ይቀመጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ቂጣው ተሰብሮ ይበላል እንጂ ለጌጥ ብሎ ማንም አያቈየውም። መጋቢት 3 ቀን በቀይ ጨርቅ ላይ የንጉሥና የንግሥት አሻንጉሊቶች ከኮክ አበባ ጋር ለሴቶች ልጆች ይደረደራሉ። ግንቦት 5 ቀን ለወንዶች ልጆች የጦር ቍር ይወጣል። በበጋው ሙቀት የፏፏቴ ሥዕል ይሰቀልና የሚያየው ሰው ልቡ ይቀዘቅዛል። በመከር ጊዜ ለሙሉ ጨረቃ ክብር ሸምበቆ መሰል ሣርና ድቡልቡል የሩዝ ሊጥ ይቀርባል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሚወጣው ነገር ሳይሆን የሚገባው ነገር ነው። ሥዕሉ ጊዜው ሲያልፍ ተጠቅልሎ በእንጨት ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፤ ባለጠጋውም ዕቃውን በተለየ ጎተራ መሰል ቤት ያኖራል። የመጋቢቱን አሻንጉሊት በዓሉ ካለፈ በኋላ ሳይከት የቈየ ቤተ ሰብ ልጁ ቶሎ ባል አታገኝም ይባላል። ተረቱን ማመን አያስፈልግም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ዕቃን ማውጣት ብቻ ሳይሆን መክተትም ግዴታ መሆኑን ለልጆቹ ያስተማረበት ዘዴ ነው። ኦካኩራ ካኩዞ የተባለው ጃፓናዊ በ1906 በእንግሊዝኛ ባሳተመው «የሻይ መጽሐፍ» ውስጥ ዓመት እስከ ዓመት በሥዕልና በጌጥ የተጨናነቀውን የአውሮጳ ቤት የነቀፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ልማድ የመንግሥት አዋጅ ያቆመው አይደለም። እንዲያውም በ1873 ጃፓን የአውሮጳን የቀን አቈጣጠር በተቀበለች ጊዜ የመጋቢቱና የግንቦቱ በዓል ያሉባቸው አምስቱ የወራት በዓላት ከመንግሥት በዓልነት ተሽረው ነበር። ሕዝቡ ግን በቤቱ ማክበሩን አልተወም፤ ከዘመን በኋላም፣ በ1948፣ ግንቦት 5 ቀን የልጆች ቀን ተብሎ እንደ ገና የመንግሥት በዓል ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኮንክሪት ሕንፃዎች በዝተው ክፍሎቹ ጠባብ ስለ ሆኑ ቶኮኖማ ያለው ቤት እያነሰ ሄዷል። ነገር ግን ብዙ ሰዎች በበራቸው መግቢያ ባለው የጫማ ሣጥን አናት ላይ ትንሽ ጨርቅ አንጥፈው የወሩን አበባ ያኖራሉ። ማዕዘኗ ብትፈርስ ሥራዋ አልፈረሰም።

አሁን ደግሞ በእኔ ቤት ከሆነው ጥቂት ልናገር። በሳሎናችን አንድ ቡፌ አለ። በውስጡ የማንጠጣባቸው ብርጭቆዎች ተደርድረው ነበር፤ በላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦ ነበር፤ ከአበባው በላይም የሟቹ አባቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ፎቶግራፉን የሰቀልነው በአርባቸው ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነካም። አንድ ቀን ከአባቴ አገር የመጡ አንዲት አሮጊት ዘመዳችን ከፎቶግራፉ ፊት ቆመው አለቀሱ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ተገርሞ «እማማ፣ ለምን ያለቅሳሉ? ሰውየው ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቃቸው።

እኔም በልጁ ተቈጣሁ። ከሥሩ ተወልዶ ያደገበትን ፎቶግራፍ አላወቀውምና። በዚያች ሌሊት ግን ተኝቼ ሳለ አባቴ በፎቶግራፉ ላይ ጭራውን የያዙት በቀኝ እጃቸው ነው ወይስ በግራ ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልስ አጣሁ። እንግዲህ የልጁ ጥፋት የእኔ ጥፋት ኖሯል። አባቴን በክብር የሰቀልኋቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሰቅዬ ረስቻቸዋለሁ።

በማግሥቱ ፎቶግራፉን አወረድሁት። እናቴ አይታ «አባትህን ከግድግዳ አወረድሃቸው?» አለችኝና ፊቷን አዞረች። የምከትታቸው ላለመርሳት እንደ ሆነ ብነግራት «የረሳኸው አንተ ነህ እንጂ እኔ አልረሳሁም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ የእርሷ ዓይን አልደከመም። ስለዚህ ፎቶግራፉ ዓመቱን በእርሷ ክፍል እንዲቀመጥ ተስማማን፤ የሙት ዓመታቸው በሚውልበት በኅዳር ወር ብቻ ወደ ሳሎን ይመጣና ትኩስ አበባ ይቀመጥለታል። በወሩም ውስጥ ለልጄ ስለ አባቴ አንድ ያልሰማውን ታሪክ እነግረዋለሁ። በሌላው ጊዜ የቡፌው አናት ባዶውን ይውላል፤ ወይም በመስከረም አደይ አበባ፣ በሆሳዕና ዘንባባ ይኖርበታል።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ትምህርት ነውን? አይደለም። እናቶቻችን በበዓል ቀን ቄጤማ ይጐዘጕዛሉ፤ በማግሥቱ ጠርገው ያወጡታል። ልጃገረዶች ለእንቍጣጣሽ እንግጫ ነቅለው በየቤቱ ምሰሶ ያስራሉ። አደይ አበባ የሚፈካው በመስከረም ወቅት ብቻ ነውና እርሱን ባየን ጊዜ ሁሉ ልባችን ይነሣሣል፤ ዓመቱን ሙሉ ቢፈካ ኖሮ ማን ያየው ነበር? እንግዲህ ጥበቡ ከእኛም ዘንድ ነበረ፤ የፕላስቲኩ አበባ ሲመጣ ግን የማይጠወልገው የሚሻል መሰለን።

«ይህ የባለጠጋ ሥራ ነው» የሚል ሰው ቢኖር የሪክዩን ቀርከሃ ያስብ። «በየወቅቱ አዲስ ጌጥ እንግዛ» የሚል ደግሞ ነገሩን ወደ ገበያ ወሰደው እንጂ አልገባውም። ነገሩ አዲስ ዕቃ መግዛት አይደለም፤ ያንኑ የጥንቱን ዕቃ በጊዜው አውጥቶ በጊዜው መክተትና ዓይንን ከልማድ እንቅልፍ መቀስቀስ ነው።

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደ ገባ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ወደ ባዶው ቡፌ ተመለከተና «አባባን የምናወጣቸው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ከክፍሏ ሆና ሰምታዋለች፤ ከእኔም ቀድማ «ስድስት ቀን ቀርቷል» አለችው።