ከነውር ለመራቅ የተከፈተው መስኮት፦ የፖፕ አፕና የአድዌር ታሪክ



በብዙ ቤት አንዱን ኮምፒዩተር ወላጅም፣ ልጅም፣ እንግዳም ይጋራዋል። ወንድም ትናንት አንድ ፕሮግራም አውርዶበታል። ዛሬ እህት ለጥናት ስትከፍተው ማንም ያልጠራው መስኮት ስክሪኑን ይሸፍነዋል፤ አንዳንዴ የቁማር ማስታወቂያ ነው፣ አንዳንዴም ለዓይን የሚከብድ ምስል። ወዲያው «ማነው እንዲህ ያለ ነገር የሚያየው?» የሚል ጥያቄ ይነሳና ጣት ወደ አንዱ ወጣት ይቀሰራል። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት የዚህን መስኮት ታሪክ ማወቅ ይገባናል እንላለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1994 ሆትዋየርድ የተባለ የአሜሪካ ድረ ገጽ ከመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት ማስታወቂያዎች አንዱን አወጣ። ያኔ ማስታወቂያው ገጹ ላይ የተለጠፈ ባነር ብቻ ነበር። የፈለገ ይጫነዋል፣ ያልፈለገ ያልፈዋል።

በዚያው አሥርት ዓመት ትራይፖድ የሚባል ሌላ ድረ ገጽ ለሰዎች የራሳቸውን ገጽ በነፃ ይሰጥ ነበር። ገቢው ከማስታወቂያ ነው። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያ ከአንድ ተጠቃሚ የብልግና ገጽ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ኩባንያው ተቆጣ። የትራይፖድ ሠራተኛ የነበረው ኢታን ዙከርማን መላ ዘየደ፤ ማስታወቂያው ከገጹ ተነጥሎ በራሱ መስኮት እንዲከፈት የሚያደርግ ኮድ ጻፈ። ፖፕ አፕ የምንለው እንዲህ ተወለደ። ዙከርማን በ2014 ዘ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ ሥራው ይቅርታ ጠይቋል።

ልብ በሉ፤ መስኮቱ የተፈጠረው የአንድን ነጋዴ ስም ከነውር ለማራቅ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ያው መስኮት ነውርን ወደ ጨዋ ሰው ቤት ተሸክሞ የሚገባ ሆነ። አንዱን ሲዘጉት ሌላው ይከፈታል፤ ሁለተኛውን ሲዘጉት ሦስተኛው ይመጣል።

ብሮውዘር ሠሪዎች መከላከል ጀመሩ። ኦፔራ ከታወቁት ብሮውዘሮች ቀድሞ ፖፕ አፕ ማገጃ አስገባ። ማይክሮሶፍትም በ2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ባወጣው ማሻሻያ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን በር ዘጋ።

የድረ ገጹ በር ሲጠብቅባቸው አስተዋዋቂዎቹ ሌላ መንገድ ነበራቸው፤ እሱም ኮምፒዩተሩ ውስጥ መግባት ነው። አድዌር ማለት ይህ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ተለጥፎ ገብቶ ማስታወቂያ የሚዘረግፍ ፕሮግራም። ጌተር የተባለው ፕሮግራም የይለፍ ቃል በነፃ አስታውስላችኋለሁ ይል ነበር። ሙዚቃና ፊልም ለመለዋወጥ ያገለግል ከነበረው ካዛ ጋርም ተጠቅልሎ ይገባ ነበር። ከገባ በኋላ ሰው የሚጎበኛቸውን ገጾች እየተከታተለ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ የራሱን ማስታወቂያ ይደርብ ጀመር። በ2002 ዋሽንግተን ፖስትና ኒው ዮርክ ታይምስን ጨምሮ የጋዜጣ አሳታሚዎች ከሰሱት፤ ጉዳዩ በስምምነት ካለቀ በኋላ ኩባንያው ስሙን ለወጠ።

ዛንጎ የተባለው ደግሞ ከዚህም ባሰ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ መሠረት ፕሮግራሙ ከ70 ሚሊዮን ጊዜ በላይ በሰዎች ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ከ6.9 ቢሊዮን በላይ ፖፕ አፕ አሳይቷል። በ2006 ኩባንያው 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የክሱ ፍሬ ነገር ፈቃድ ነበር፤ ሰዎቹ ምን እየጫኑ እንደሆነ በግልጽ አልተነገራቸውም።

አዲስ ኮምፒዩተር የገዛ ሰውም አልዳነም። በ2015 መጀመሪያ ሌኖቮ ሱፐርፊሽ የተባለ ማስታወቂያ አስገቢ ከፋብሪካ ጀምሮ በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ ጭኖ ሲሸጥ እንደነበር ታወቀ። ፕሮግራሙ የባንክ ገጽን የመሰለ የተቆለፈ ግንኙነት እንኳ መሐል ገብቶ ይከፍት ነበር፤ ለሌባም ቀዳዳ ተወ። ኩባንያው ማጥፊያ መሣሪያ ለማውጣት ተገደደ።

በዚያው በ2015 ክሮም ብሮውዘር ድረ ገጾች ኖቲፊኬሽን እንዲልኩ ፈቀደ። አታላዮች ይህንንም አልለቀቁትም። «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» ይላሉ። አንዴ ከተጫነ ማስታወቂያው ገጹ ከተዘጋም በኋላ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። መስኮቱ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሰው ነውር ፈልጎ ሳይሆን ሳያነብ «ኔክስት» ወይም «አላው» ብሎ ነው። ሳያውቁ የሰጡት ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይባልም። ስለዚህ በወንድማችሁ ላይ መጥፎ ከመጠርጠራችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

መስኮቱ ውስጥ ያለውን ምንም አትንኩ። «ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ ይደውሉ» ቢልም አትደውሉ። የመዝጊያ ምልክቱ ራሱ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ኦልትንና ኤፍ4ን አንድ ላይ ተጭናችሁ ዝጉት።

ቀጥሎ ወደ ብሮውዘሩ ሴቲንግ ገብታችሁ ኖቲፊኬሽን የተፈቀደላቸውን ገጾች ተመልከቱ፤ የማታውቁትን ሰርዙ። ኤክስቴንሽኖቹንም እንዲሁ።

ከዚያ በዊንዶውስ የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ በተጫኑበት ቀን ደርድሩና ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባውን እንግዳ አስወግዱ። በመጨረሻም ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ አድርጉ። አብዛኛው ችግር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ፎርማት ለማስደረግ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ፕሮግራም ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርዱ። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም በነፃ ቢመስልም ዋጋውን የሚያስከፍለው ከገባ በኋላ ነው። ስትጭኑም ምልክት የተደረገባቸውን ትንንሽ ሳጥኖች አንብቡ፤ ያልጠየቃችሁት ካለ ምልክቱን አንሱ።

ይህን ጽሑፍ ኮምፒዩተር ለሚጋሩ ቤተሰቦች አድርሱልን። ባልሠራው ጥፋት አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ አንድ ወጣት ከሐሜት ይተርፍበት ይሆናል።