ከቅባት ወደ ዑደት፦ የናፍጣ ሞተር ዘይትና የቃላት አመራረጥ

ሌሎች ልሳናት በፈልሳፊው በሩዶልፍ ዲዝል ስም የሚጠሩትን ሞተር አማርኛ ከነዳጁ ስም ወስዶ «የናፍጣ ሞተር» ብሎታል። ስያሜው ግልጽና የተለመደ በመሆኑ አይነቀፍም። ተርጓሚን የሚፈትነው ዘይቱ ነው። «ሉብሪኬሽን» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንዱ «ቅባት»፣ ሌላው «ማለስለስ» ሲል ይተረጉመዋል። ሁለቱም ስሕተት አይደሉም፤ ዳሩ ግን የሚገልጹት የነገሩን ጥንታዊ መልክ እንጂ የዛሬውን አሠራር አይደለም።

የጥንቱ ታሪክ በእርግጥ የቅባት ታሪክ ነው። የሠረገላ ዘንግ ሞራ ይቀባ ነበር፤ በእንፋሎት ሞተር ዘመንም ዘይት ከትንሽ ዕቃ ጠብ ጠብ እያለ በሚፋተገው ብረት ላይ ይወርድ ነበር። የዘይት ተግባር ብረትን ማለስለስ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ቃሉና አሳቡ ተስማምተው ኖሩ።

ይህን አሳብ የለወጠው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቢቻም ታወር እ.ኤ.አ. በ1883 ያሳወቀው ምርምር ነው። ዘይት ለማጠጣት በኩሽኔታው አናት ላይ ቀዳዳ ቢያበጅ፣ ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ ወደ ላይ ገነፈለ፤ ቀዳዳውን በውታፍ ቢደፍነው ውታፉ ተፈንቅሎ ወጣ። የግፊት መለኪያ ቢያስገባበት ከአማካዩ ጭነት እጥፍ የሚበልጥ ግፊት አነበበ። ለካስ ዘንጉ የሚዞረው በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ኖሯል። ኦዝበርን ሬይኖልድስ በ1886 የነገሩን ሒሳባዊ ሕግ አወጣ፤ በ1890 ደግሞ አልበርት ፔይን፣ በበርሚንግሃሙ የቤሊስና ሞርኮም ፋብሪካ፣ ዘይትን በፖምፓ እየገፉ ወደ ኩሽኔታዎች የማድረስን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ዲዝል ሞተሩን በአውግስቡርግ በ1897 ለፍሬ ሲያበቃ ዘዴው ታውቆ ነበር፤ የዛሬው የመኪና ናፍጣ ሞተርም ያለዚህ ዘዴ አይሠራም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ፖምፓው ከሞተሩ ሥር ካለው ገንዳ ዘይቱን በወንፊት በኩል ይስባል። ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ የሚከፈት ቫልቭ ትርፉን ወደ ገንዳው ይመልሳል። የቀረው በማቀዝቀዣና በፊልትሮ አልፎ ወደ ዋናው የዘይት ቦይ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ክራንክሻፍቱ ኩሽኔታዎች፣ በክራንክሻፍቱ ውስጥ በተቦረቦሩ ቀዳዳዎችም ወደ ፒስተን ክንዶች፣ እንዲሁም ወደ ካምሻፍቱና ወደ ቫልቮቹ መግፊያዎች ይደርሳል። በብዙ ሞተሮች ከፒስተኑ ሥር ተረጭቶ ያቀዘቅዘዋል። ተግባሩን ሲፈጽም በራሱ ክብደት ወደ ገንዳው ይወርዳል። ስለዚህ ዘይቱ ይሸከማል፣ ያቀዘቅዛል፣ ያሽጋል፣ ከዝገት ይጠብቃል፣ ያጥባልም። የናፍጣ ቃጠሎ ጥላሸት ስለሚያበዛ፣ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አጣቢ ቅመም በዘይቱ ይጨመር ጀመር፤ የዘይቱ መጥቆርም ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ጥላሸቱን በውስጡ መያዙን ያሳያል።

ከዚህ ታሪክ ለቃላት ሥራ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። በመሣሪያ ሰሌዳው ላይ የሚበራው ቀይ መብራት የሚያመለክተው የግፊት መውረድን ነው። ተርጓሚው «ዘይት ሲያንስ ይበራል» ብሎ ቢጽፍ፣ አሽከርካሪው መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ ያያል፤ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል፤ መብራቱ ተበላሽቷል ብሎም ጉዞውን ይቀጥላል። የፖምፓው መበላሸት ወይም የወንፊቱ መደፈን ግፊቱን ካጠፋው፣ ኩሽኔታዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላሉ። «ዲዝል ኦይል» የሚለውንም ቃል በቃል «የናፍጣ ሞተር ዘይት» ማለት ነዳጁን ከዘይቱ ጋር ያደባልቃል፤ ነዳጅን በዘይት ገንዳ ውስጥ ለመጨመር በር ይከፍታል።

በመሆኑም «ቅባት» እንደ ግራሶ ላለው፣ ተቀብቶ በቦታው ለሚቀር ነገር ቢወሰን፣ ለሚዘዋወረው ደግሞ «የሞተር ዘይት» ቢባል፣ ሥርዓቱም «የዘይት ዑደት» ተብሎ ቢጠራ ይሻላል። «ውፍረት» የሚለውም ቃል በብረቶቹ መካከል ላለው የዘይት ንጣፍ ብቻ ይዋል፤ የዘይቱ ጠባይ «ዝልግልግነት» ይባል። ከሁሉ በላይ ግን «የዘይት መጠን» እና «የዘይት ግፊት» በአንድ ቃል መጠራት የለባቸውም። የታወር ውታፍ የተፈነቀለው በግፊት ነው፤ ዛሬም ሞተሩን የሚሸከመው ያው ግፊት ያለው ዘይት ነው።