ካሽባክ ካርድ ወይስ የጥቅል ውል? እንግሊዝ ለምትኖሩ

ካሽባክ ካርድ ካወጣችሁት ላይ ጥቂት ፐርሰንት ይመልሳል። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ዓይነቱ ክሬዲት ካርድ ነው፤ በየወሩ ሙሉውን ካልከፈላችሁ ወለዱ ተመላሹን ጠራርጎ ይበላዋል።

ዩቲሊቲ ዌርሃውስ ደግሞ መብራት፣ ጋዝ፣ ኢንተርኔትና ሞባይል በአንድ ቢል ይጠቀልላል። ለደንበኞቹ ገንዘብ አስቀድሞ የሚሞላበት ካርድም አለው፤ ተመላሹ እጃችሁ አይገባም፣ ከቢሉ ይቀነሳል እንጂ።

እኛ ግን ፐርሰንቱን ተዉትና ሂሳቡን ስሩ እንላለን። በካርዱ በወር 600 ፓውንድ ብታወጡ 1% ማለት 6 ፓውንድ ነው። ጥቅሉ ለየብቻ ከመግዛት በ10 ፓውንድ ከበለጠ 4 ፓውንድ ከሰራችሁ ማለት ነው። የኦፍጌም የዋጋ ጣሪያም መብራትና ጋዝን እንጂ ኢንተርኔትን አይነካም።

ተከራይ ከሆናችሁ (አብዛኞቻችን ነን) ውሉ ሳያልቅ ቤት ብትለቁ የመውጫ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ከጥቅሉ አንዱን ብታቋርጡ የቀሪው ዋጋ ይጨምር እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ።