«የጸዳ ብር» ወይስ «የተፈተገ ብር»? ስለ አሮጌ የብር ገንዘብ ስያሜዎች

አማርኛ ማዕድኑንም ገንዘቡንም «ብር» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። በአዳማና ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አብሮት የሚነገረው ኦሮምኛ ግን ማዕድኑን «ሜቲ»፣ ገንዘቡን «ቀርሺ» ብሎ ይለያቸዋል። አማርኛው ሁለቱን ማጣመሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአገራችን ለረጅም ዘመን ትልቁ ገንዘብ ራሱ ማዕድኑ ነበርና። ይህን ታሪክ ያላስተዋለ ተርጓሚ ስለ አሮጌ ገንዘብ የተጻፈውን ወደ አማርኛ ሲመልስ በሁለት ነገር ይሰናከላል፤ ይኸውም በዕድሜና በንጽሕና ነው።

በመጀመሪያ ዕድሜን እንመልከት። ጠገራ ብር የሚባለው የኦስትሪያዊቷ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ብታርፍም፣ ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ በቪየና፣ በሮማ፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲቀረጽ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስቀረጹትና 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የያዘው ብር በክብደት ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ቢደረግም፣ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። በአዳማ በኩል ያለፈው የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስም ጠገራው ገና አልተሻረም ነበር። የተጻፈበት ዓመት ለዕድሜው ምስክር ስለማይሆን፣ ተቀባዩ የንግሥቲቱ የራስ ጌጥና የትከሻዋ ፈርጥ ነጥቦች ጥርት ብለው መታየታቸውን ይመረምር፣ መልኩ የጠፋውን ይመልስ ነበር። እንግዲህ የገንዘብን ደረጃ በዐይን መለየት ለገበያችን እንግዳ አይደለም፤ ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የደረጃ መለኪያ ከማውጣቱም ይቀድማል።

ሁለተኛው መሰናክል የበለጠ ጉዳት ያለው ነው። በአማርኛ «ጠራ»፣ «ጸዳ»፣ «ነጣ» የምስጋና ግሦች ናቸው፤ «ጥሩ» ራሱ ከ«ጠራ» የወጣ ቃል ነው። ብሩን አቅልጦ መስቀል ወይም አምባር ለሚሠራው አንጥረኛ ይህ አነጋገር ይስማማል፤ እርሱ የሚሻው ማዕድኑን ነውና። ገንዘቡን እንዳለ ለሚያኖር ሰብሳቢ ግን ማጽዳት ጉድለት ነው። ስለዚህ «የጸዳ ብር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ነቀፋውን ወደ ምስጋና ይለውጠዋል፤ ገዢውም በቃሉ ታምኖ ለተበላሸው ዕቃ የደኅናውን ዋጋ ይከፍላል።

የማጽዳት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። በአመድ ወይም በአሸዋ የታሸ ብር በሜዳው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ይታዩበታል። በአሲድ የተነከረው ወጥ የሆነ ሙት ንጣት ይይዛል፤ ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት በፊቱ ላይ የሚሽከረከረው ነጸብራቅም ይደክማል። ብዙ ጊዜም ሜዳው ነጥቶ ሳለ በፊደላቱ ሥር ጥቁረት ይቀራል። ለአንገት ጌጥ ያገለገለ ጠገራ ደግሞ ጠርዙ ላይ የማንጠልጠያው ብየዳ ዱካ ወይም የተደፈነ ቀዳዳ ሊገኝበት ስለሚችል፣ ይህ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። በአገልግሎት ብዛት ቅርጹ የደበዘዘው «የተበላ»፣ በሻካራ ነገር የታሸው «የተፈተገ»፣ በአሲድ የታጠበው «የተነከረ» ይባል። ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋህዶ በጊዜ ብዛት የሚያመጣውን ጥቁረት «ጥይምና»፣ ሲቀረጽ ያገኘውን ነጸብራቅ ደግሞ «ወዝ» እንበለው። ወዝ በሰው ፊት ላይም ከውስጥ የሚወጣ እንጂ ከውጭ የሚቀባ አይደለም፤ ከብሩም አንድ ጊዜ ከተፈተገ ተመልሶ አይገኝም። «የጸዳ» የሚለውን ቃል ግን ለአንጥረኛው እንተውለት።