ዜና ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ጀልዴሳ ከሐረር ደጋ ግርጌ ያለች የነጋድያን ማረፊያ ነበረች። ከዘይላ የመጣው ግመል በዚያ ሸክሙን ያራግፋል፤ ዳገቱን በቅሎና አህያ ይረከቡታል። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ጨርቅና ጠመንጃ ይወጣል። በ1879 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሐረርን ያዙ፤ በጀልዴሳ የሚያልፈውም ንግድ ለእርሳቸው ይቀረጥ ጀመር። በ1895 ግን የምድር ባቡር ድሬዳዋ ገባ። ሐዲዱ ጀልዴሳን ወደ ጎን ትቷት አለፈ፤ ንግዱም ከባቡሩ ጋራ ሄደ፤ የቀረጡም በር በድሬዳዋ ቆመ። በዚህ በር የተሾሙት ሰው ዜና እንዲህ ነው።

ገብረ ሕይወት በ1878 በዐድዋ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ ሎሌ ነበሩና በ1881 ንጉሡ በወደቁበት በመተማ ወደቁ። ብላቴናውም ከባልንጀሮቹ ጋራ ወደ ምጽዋ ወርዶ በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ተጠጋ። ኋላም በመርከብ ባሕር ተሻገረ፤ በኦስትሪያ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ እንደ ልጅ አሳደገው። ጀርመንኛ አወቀ፤ በበርሊንም ሕክምና ተማረ። አባቱን ጦር የበላበት ልጅ ከዚህ መድረሱ እጅግ ያስደንቀኛል።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ለዐፄ ምኒልክ አስተርጓሚ ሆኑ። ከጥቂት ዘመን በኋላ ግን ተሰደዱ፤ ስለ ንጉሡና ስለ ኢትዮጵያ የጻፉትም በአስመራ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ገላ የተማሩት ጥበብ ወደ አገር ሕመም ዞረ።

ከስደት ተመልሰውም በ1909 የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ባቡሩ ቡናና ቆዳ ጭኖ ይወርድ፣ የባዕድ ጨርቅ ይዞ ይመለስ ነበር። ሌላው ሹም በዚህ ቀረጡን ብቻ ይቈጥራል። እርሳቸው ግን ልፋቱን ቈጠሩ፦ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚሠራውን፣ ዕውቀት የሌለው በብዙ ቀን ይሠራዋል፤ ሁለቱ ሲገበያዩም ያላወቀው ላወቀው ሲለፋ ይኖራል። በአገር ውስጥ የበዛው የኬላ ቀረጥም ንግድን እንደሚያንቅ ጻፉ። በእኔ አሳብ፣ በዚያ ዘመን ይህን ያህል አርቆ ያየ ብዕር አልነበረም።

በ1911፣ ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1916 በአዲስ አበባ ሲታተም እርሳቸው አላዩትም። በዚያው በድሬዳዋ ነጋድራስነትም የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኋላ ተሾሙ።