ፍግና ጆንያ፦ ከጭላሎ ስንዴ እስከ አብርሃ ጅራ ዋልካ



ስለ ስንዴ ማዳበሪያ ታሪክ ለመናገር መነሻዬን አብርሃ ጅራ ማድረጌ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የሚታወቀው በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ እንጂ በስንዴ አይደለም። ይሁን እንጂ «ፍግን ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር አዋህዱ» የሚለው ምክር ዛሬ ደጋ ቆላ ሳይል ይሰጣል። ምክሩ ከምን ሁኔታ እንደ ተወለደ ካላወቅን የት እንደሚበጅ አንለይም። (ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ምርጥ የስንዴ ዘርን፣ ማዳበሪያንና ብድርን አንድ ላይ አቀረበ። ምርትም ጨመረ። ትርፉ በታየ ጊዜ ግን ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነሥተው መሬቱን በትራክተር ያሳርሱ ጀመር። ጆንያው ወደ ማሳ የገባው ብቻውን አልነበረም፤ መሬቱ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ አስከትሎ ነበር። በ1971 የተጀመረው አነስተኛ ጥቅል ፕሮግራም ይህንኑ አሠራር አቅልሎ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ወሰደው። ከዚያ በኋላ ለረዥም ዘመን ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚለው ምክር የአፈሩ ዓይነት ሳይጠየቅ ተደጋገመ።

ፍጉስ የት ሄደ? ደኑ በተመናመነበት ደጋ ወደ ምድጃ ሄደ። ገበሬው የፍግን ጥቅም ስቶት አይደለም፤ አመዱንና ፍጉን ሁልጊዜ በጓሮው ይደፋል፣ ራቅ ያለውንም ማሳ ጦም ያሳድር ነበር። መሬቱ ሲጠብ ጦም ማሳደር ቀረ፤ እንጨት ሲጠፋ ኩበት ማገዶ ሆነ።

በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስተድ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ የሚዘራበት ብሮድባልክ የተባለ የሙከራ ማሳ አለ። ከፊሉ በየዓመቱ በሄክታር 35 ቶን ፍግ ሲያገኝ፣ ሌላው የፋብሪካ ማዳበሪያ ብቻ አግኝቷል። ከመቶ ዓመት በላይ የሁለቱ ምርት ተቀራራቢ ነበር፤ የአፈሩ ካርቦን ግን ፍግ ባገኘው ክፍል ከእጥፍ በላይ ሆነ። ግን 35 ቶን ያለው ገበሬ ከእኛ ዘንድ ማን ነው? አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለው። ይህን ከደረቅ ፍግ ለማግኘት ሦስት ቶን ገደማ ያስፈልጋል፤ አህያ በአንድ ጊዜ ሃምሳ ኪሎ ብትጭን ስድሳ ምልልስ ይሆናል። በእኔ እይታ ውህደት የተወለደው ከእጥረት ነው፦ ፍጉም አይበቃም፣ ጆንያውም በዱቤ ነው።

አብርሃ ጅራ ዘንድ ሂሳቡ ሌላ ነው። በዚያ ማገዶው እንጨት ስለሆነ ፍጉ ምድጃ ሳይገባ በየሜዳው ተበትኖ ይቀራል። ማሳው ሰፊ፣ ከመኖሪያም የራቀ ስለሆነ ፍግ አጓጉዞ ማድረስ ከባድ ነው። ለብዙ ዓመታት የቆላው ማዳበሪያ ጫካ መንጥሮ አዲስ መሬት መክፈት ነበር፤ ያ ደግሞ እያለቀ ነው። አፈሩ ዋልካ በመሆኑ ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ውኃ በተኛበት አፈር የዩሪያው ናይትሮጂን ከፊሉ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበንናል። ስለዚህ ዩሪያውን ከፋፍሎ መጨመርና ውኃውን ማጠንፈፍ ከብዛቱ ይቀድማሉ።

ለቆላው የሚሻለው የብስባሽ ጉድጓድ ሳይሆን፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ከብቱን በማሳው ላይ እያፈራረቁ ማሳደር ይመስለኛል። ፍጉን ከብቱ ራሱ ያደርሰዋል፤ አህያም ጉልበትም አይጠይቅም። ዳሩ ግን በቆላው ከብቱ የአንዱ፣ ማሳው የሌላው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለከብቱ ለሚተወው ፍግ ምን ያገኛል? ግጦሽ ብቻ ነው ወይስ ክፍያም አለበት? ማሳውን በኪራይ የያዘው ሰውስ፣ ጥቅሙ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚታይ ነገር ዛሬ ለምን ይዋዋላል? በጭላሎ የመሬቱ ጥያቄ የተነሣው ማዳበሪያው ከገባ በኋላ ነበር፤ በአብርሃ ጅራ ማዳበሪያው ከመግባቱ በፊት መጠየቅ ይቻላል።