ከሐርላ እስከ ቀፊራ፦ መንገደኛ የት ይበላ ነበር?



ሐርላ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ትልልቁ ድንጋይና ከመሬት የወጣው ዶቃ ነው። ዛሬ ግን ስለ ማዕዱ እናውራ። የሐርላ ሰው ምን ይበላ ነበር? ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ሲደርስ ማን ያበላው ነበር? ገንዘብ የሌለውስ? ይህን መጠየቅ ያስፈለገን፣ ዛሬም ድሬዳዋ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ሐርላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። የእንግሊዙ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከአገራችን የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ቆፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓለም አሳወቁ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጂድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቤት፣ የቻይና ሸክላ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ብርና ነሐስ ሳንቲም ተገኘ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገኘው ብዙ መንገደኛ በሚያርፍበት ከተማ ነው፤ ብዙ መንገደኛ ያለበት ደግሞ ብዙ የሚበላ አለ።

በአካባቢው አፈ ታሪክ የሐርላ ሰዎች ግዙፎች ነበሩ ይባላል፤ ያን የሚያህል ድንጋይ ሌላ ማን ያነሳዋል ተብሎ። ከመቃብሩ የወጣው አጽም ግን እንደ እኛው መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ሆኖ ተገኘ። ባለሙያዎቹ አጽሙን የመረመሩት የአመጋገባቸውንም ነገር ለማወቅ ነው። ከምግብ ፍርፋሪው መካከል የከብት፣ የበግና የፍየል፣ የግመልም አጥንት ወጥቷል። ከዚህም ጋር የባሕር ዓሣ አጥንት ተገኝቷል። ከዚህ እስከ ባሕሩ በግመል የብዙ ቀን በረሃ ነው፤ ዓሣው ደርቆ ወይም በጨው ታሽቶ ካልሆነ በቀር አይደርስም። እንግዲህ በዚያ ዘመንም የባሕር ዓሣ የሚገዛ ባለጸጋ ነበረ ማለት ነው።

የቀረውስ ምን ይበላ ነበር? ጸሐፊው አል ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኢፋትና ስለ ሌሎቹ የሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ፣ ካይሮ ላይ ካገኟቸው ከሸይኽ ዐብዱላህ አዝ ዘይለዒይ ሰምቶ ስንዴ፣ ማሽላና ጤፍ እንደሚዘራ መዝግቧል። ስለ ገንዘቡም ሲያነሳ፣ ኢፋት በግብፅ ገንዘብ ሲገበያይ በሌሎቹ ዘንድ ግን እንደ መርፌ ያለች ትንሽ ብረት፣ «ሐኩና» የምትባል፣ ትሠራ እንደነበር ይነግረናል። አንድ ላም በብዙ ሺህ ሐኩና ትሸጥ ነበር። ነገሩን ስናስበው፣ ገንዘቡ እንዲህ ካነሰ ድሃውም ጥቂት ይዞ ገበያ ይወጣል፤ የአንድ ጊዜ ራቱንም ይገዛል።

ገንዘብ ሁሉ ያላበቃው ደግሞ ሌላ በር ነበረው፤ እሱም የአስተናጋጅ ቤት ነው። ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ ዘይላዕን ሲያይ በዓሣውና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ሽታ የተነሳ ከተማው ውስጥ ማደር አልፈለገም፤ መርከቡ ላይ አደረ። መቅዲሾ ሲደርስ ግን ወጣቶች በጀልባ እየቀዘፉ ክዳን ያለው የምግብ ሳህን ይዘው መጡ። እያንዳንዱም ለአንድ ነጋዴ ሳህኑን ሰጥቶ እንግዳዬ ነው ይላል። ነጋዴው የሚያርፈው እሱ ዘንድ ነው፤ ዕቃውንም የሚሸጥለት እሱ ነው። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 ከዘይላዕ ወደ ሐረር ሲወጣም «አባን» የሚሉትን ወግ አግኝቷል። አባን ለመንገደኛው ጠባቂም፣ አስተርጓሚም፣ አገናኝም ነው። ንግዱና ማዕዱ አንድ ላይ የሚሄዱ ነበሩ።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ሌሊት አይጓዝም ነበር፤ ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድር ነበር። ስለዚህ ከተማዋ ከልጅነቷ ጀምሮ እንግዳ እያበላች አደገች። ደቻቱ በመካከል ይፈሳል፤ ወዲህ ከዚራ በፈረንሳዮች አቀማመጥ፣ ወዲያ መጋላ በሱቁና በገበያው። ሆቴል የሚከፍል ወደ ሆቴሉ ይሄዳል፤ የማይከፍልም ጦሙን አያድርም።

የዛሬው እንግዳም በኪሱ ልክ ይስተናገዳል። ጠዋት ቀፊራ ላይ ፉል በዳቦ፣ ሳንቡሳና ባጊያ አለ፤ አንዲት ሳንቡሳ የሚገዛ ሰው እንኳ አይመለስም። ትንሽ ጨመር ያለው ፈጢራ ያዛል። ምሳ ሩዝ በሥጋ ነው፤ አንዱን ሰሐን ሦስት ሆነው ከበው ሲበሉት ወጪው ይቀልላል፣ በረካውም ይበዛል። የሐረሪዎቹን ሁልበት መረቅ ያልቀመሰ ይቅመስ። አመሻሽ ላይ ሙሸበክ ከሻይ ጋር። ሆጃም አይረሳ፤ ቡናው ለገበያ ሲወጣ ገለባው በወተት ተፈልቶ እቤት የሚጠጣ ነው። የመኖችም ቂሽር እያሉ ገለባውን ይጠጡታል። ኪሱ የሞላ ደግሞ ከዚራ ይሻገር፤ እዚያም ቦታ አያጣም።

ገንዘብ ጨርሶ የሌለውስ? ደረሳ ሆነን ቁርኣን ስንቀራ የበላነው በገንዘባችን አልነበረም፤ እናቶች በየቤቱ ከልጆቻቸው ድርሻ ቀንሰው ነው ያበሉን። በረመዳን መስጂድ በር ላይ ቴምርና ሾርባ የሚያቀርቡ ወንድሞች የሚያስቀጥሉት ይህንኑ ነው።

የሚያሳስበን ግን አንድ ነገር አለ። ኑሮው ሲወደድ መጀመሪያ የሚጠፋው ትንሿ መስፈሪያ ናት፤ ግማሽ ሰሐን፣ አንዲት ሳንቡሳ፣ የአንድ ሰው ሻይ። አዲሱ ባቡርም እንደ ድሮው መንገደኛውን እኛ ዘንድ አያሳድረውም። የከተማችን ነጋዴዎች ሆይ፣ ትንሿን መስፈሪያ አታንሱብን! በጥቂት ገንዘብ የሚበላውን ሰው ከመለሳችሁት፣ ድሬ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ጎረቤቶችም እንግዳ ስታዩ ከየት መጣህ ከማለታችሁ በፊት በልተሃል ወይ በሉት።

ሐርላን ያላየ ሄዶ ይይ፤ ድንጋዩን ሲያይም እዚያ ማዕድ የቀረበለትን መንገደኛ ያስብ።

ወላሁ አዕለም።